የአቶ ሳልህ ዑድና የጎመን ዘር

የበደለችኝ ጥሩወርቅ ትባላለች። የአጎቴ ልጅ ናት። የበደለችኝም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ዳንግላ ውስጥ፣ በአንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱን የማውቀው አባቴ ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ ስለደረሰችበት ነው። "ልጅህ አቶ ሳልህ ሱቅ ውስጥ ክራር ታቅፋ ተቀምጣለች" አለችው። እጁን ሳያደርቅ መጣ።

ክራር አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ ይኸ ነው። ስትከሰኝ እንኳ የክሱን ዕቃ ስም አታውቀውም ነበር። የታቀፍኩት ዑድ ነው።

አቶ ሳልህ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ ከአቡጀዲው ጥቅል በላይ፣ ሚስማር ላይ፣ ይኸ ዑድ የሚባል ነገር ይንጠለጠል ነበር። ሆዱ ለሁለት የተከፈለ ትልቅ ቅል ይመስላል። አንገቱ ደግሞ ስሙን ሲጠሩት ዞር ያለ ሰው ይመስል ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ገበያተኛ ጋብ ሲልላቸው አውርደው ጭናቸው ላይ ያስተኙትና በአሞራ ላባ ይደረድሩታል። ላባውን ቀርጸው ነው የሚይዙት። እኔ በሩ ደፍ ላይ እቀመጣለሁ። ከውስጥ እንዳልገባ አባቴን እፈራለሁ፣ ከውጭ እንዳልቆም ዜማው ያመልጠኛል። ደፍ ማለት እንግዲህ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ቦታ ነው።

የሚደረድሩት ሁልጊዜ አንድ ዜማ ነበር። እንደሚጠይቅ ሰው ይጀምራል፤ ከዚያ ይመለሳል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። ከላይ ሲደርስ አቶ ሳልህ በጣታቸው የዑዱን ሆድ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉታል። አሁን የሚመጣውን ልሰማ ጆሮዬን ስቀስር፣ ያኔ የግድ አንድ ገበያተኛ "አቡጀዲው ክንዱ እንዴት ነው?" እያለ ይገባል። አቶ ሳልህ ዑዱን ሰቅለው ይነሣሉ።

"መጨረሻውስ አቶ ሳልህ?" እላለሁ።

"መጨረሻው ቅዳሜ" ይሉኛል።

እንዲህ ስንት ቅዳሜ አለፈ! በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን ገበያተኛ ጠልቼ አላውቅም። ያቺ የተረገመች ቅዳሜ ግን አቶ ሳልህ እኔን አይተው ሳቁና "ነይ ያዢው፣ አይነክስም" አሉኝ። ደፉን አልፌ ገባሁ። ታቀፍኩት። ሆዱ ሆዴ ላይ ሲያርፍ አንዱን ጅማት በስሕተት ነካሁት፤ ድምፁ በጎድን አጥንቴ ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ቀና ስል ጥሩወርቅ አሞሌ ጨው በእጇ ይዛ መንገድ ላይ ቆማ ታየኛለች። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

አባቴ አልገረፈኝም። ቢገርፈኝ በሳምንቱ ተመልሼ ደፉ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ይኸን አውቆ መሰለኝ ሰኞ ጠዋት አክስቴ ዘንድ እንጅባራ ላከኝ። እንጅባራ ማለት ያን ጊዜ ለእኔ ብርድና አክስቴ ነበረች። ብርዱን ለመድኩት።

እዚያው አደግሁ፣ ተማርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተማርኩ። ባል አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። በነዚህም ሁሉ ውስጥ ጥሩወርቅ አለችበት፤ ዛሬ ግን አንድ በደል ይበቃታል። ዜማው ከእኔ ጋር ኖረ። ፈተና ሳርም አንጎራጉረዋለሁ፣ ልብስ ሳሰጣ አንጎራጉረዋለሁ፤ ሁለቱ ኳ ኳ ላይ ስደርስ ቆሜ እቀራለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና "ወይ ጨርሺው ወይ ተዪው!" እያለ ይጮኽብኝ ነበር። ሁለቱንም ሳላደርግለት ሞተ።

ጡረታ ስወጣ የእህቴ ልጅ ስልክ ገዛችልኝ። ጣት ሲያስነኩት ዓለምን የሚያሳይ ዓይነት ነው። ሌላው የዕድሜ እኩያዬ ስብከት ሲያይበት እኔ "ዑድ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያች ቀን በኋላ ጎረቤት ስታጣኝ እንደታመምኩ ቆጠረች።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ፍለጋዬን በካርታ ጀመርኩ። ለዳንግላ የሚቀርበው የዑድ አገር የትኛው ነው? ሱዳን። መተማን ተሻገርኩ፤ በስልክ ማለቴ ነው። የሱዳኖቹ ዑድ ጆሮዬን እንደ ሥጋ ዘመድ ነው የተቀበለው። ቅኝታቸው የእኛን ይመስላል፤ አንዱ ሽማግሌ ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይደረድራል፣ ድምፁ ከጣቱ ኋላ ኋላ እየተከተለ ያዜማል፣ የሚቸኩል ነገር የለም። ቀይ እስክሪብቶና ደብተር አወጣሁ። ለያንዳንዱ ተጫዋች ማርክ እሰጣለሁ፤ "እጁ ጥሩ ነው፤ አትኩሮ ይሥራ፤ የእኔ ዜማ ግን አይደለም" እያልኩ። ሱዳን ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ቆየሁ። ግማሹ ኔትወርክ እስኪመጣ የጠበቅሁበት ነው።

ከሱዳን ተስፋ ስቆርጥ ዛንዚባር ወረድኩ። እዚያ ደግሞ ዑድ ብቻውን አይሄድም። ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚደረደር መዓት ክር ያለው ሌላ ነገር፣ የሴቶች ዝማሬ፣ ሁሉም ሠርገኛ ሆኖ አብሮት ይመጣል። ያምራል። ግን ዑዱን ከመካከላቸው ለይቶ መስማት ገበያ ውስጥ የጠፋ ልጅን በድምፁ እንደመፈለግ ነው። ለጋራ ሥራቸው ከመቶ ሰማንያ ሰጥቼ ወጣሁ።

እንዲህ በየአገሩ ስዞር ከርሜ፣ አንድ ቀን ለሠርግ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ዳንግላ ወረድኩ። የአቶ ሳልህ ሱቅ አሁንም አለ፤ የያዘችው ልጃቸው ዘሃራ ናት። በሩ ላይ ስደርስ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ።

"ይግቡ እንጂ እትዬ፣ ደፍ ላይ ምን ያቆምዎታል?" አለችኝ።

"ለምጄበት ነው" አልኳት፤ ነገሬን ለሰው የማልነግር ሴት እስከ አባቴ እርጥብ እጅ ድረስ ዘርግፌ ነገርኳት።

ዘሃራ ሜትሩን ከእጇ ለቀቀች። "ወላሂ! በር ላይዋ ልጅ እርስዎ ነዎት? አባቴ ሊሞቱ ሲሉ 'ዑዱን በር ላይ ለምትቀመጠዋ ልጅ ስጧት' ብለው ነበር። ማን እንደሆነች ስንጠይቅ እትዬ ጥሩወርቅ መጥተው 'እኔ ነኝ' አሉ። ሰጠናቸው።"

ጨርቁን ሳልገዛ ወጣሁ።

ጥሩወርቅ ግቢዋ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ትጎነጉናለች። ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ለቅሶ አገለበጠች። "ማን ሞተ?" አለችኝ። አልፈርድባትም፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ቤቷን የረገጥኩት ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

"ማንም አልሞተም። ዑዴን ስጪኝ።"

"የቱን?"

ገብቼ ቀና አልኩ። ከጣሪያው ማገር ላይ በጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ጥቀርሻ ለብሷል፤ አንድም ጅማት የለው። ያ የተቆለመመ አንገቱ ግን አሁንም ስሙን እንደጠሩት ሰው ዞር ብሏል።

"ምን አድርገሽ ነው ያኖርሽው?"

"ምን አደርገዋለሁ? የጎመን ዘር አስቀምጥበታለሁ። አይጥ አይደርስበት፣ እርጥበት አይገባው። ቅሌ ተሰብሮብኝ ነበር።"

"ይኸ ቅል ነው?"

"ሆድ አለው፣ አፍ አለው፣ ይንጠለጠላል። ሌላ ምን ልትዪው ነው?"

"ጅማቶቹስ?" አልኳት።

"ነጭ ሽንኩርት ሰቀልኩባቸው። ጠንካሮች ነበሩ።"

"ዋሽተሽ ነው የወሰድሽው! በር ላይዋ ልጅ እኔ ነኝ!"

የምትጎነጉነውን አስቀመጠች። "አንቺ ስንት ጊዜ ተቀመጥሽበት?"

"ዓመት ሙሉ።"

"እኔ ሦስት ዓመት። አንቺ ከሄድሽ ማግስት ጀምሮ እስክዳር ድረስ። እንግዲህ ማን ናት በር ላይዋ?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይኸን አልጠረጠርኩም ነበር። ጠላቴ አድርጌ ሃምሳ ዓመት ያኖርኳት ሴት የእኔው ቦታ ላይ ተቀምጣ የእኔኑ ዜማ ስትሰማ ኖራለች!

"ታዲያ ከወደድሽው ለምን ነገርሽብኝ?" አልኳት።

"ደፉ ለሁለት አይበቃም ነበር" አለችኝ።

የምፈራውን ጥያቄ የጠየቅሁት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። "መጨረሻውንስ ሰማሽው?"

"ምኑን እሰማዋለሁ! ገበያተኛ ሲመጣ ይነሡ አልነበረም? ገበያተኛ ባልመጣ ቀንም እዚያች ቦታ ሲደርሱ ሻይ ያዝዛሉ። ልዳር ሰሞን ጨክኜ ጠየቅኋቸው። በጎልማሳነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርዱ አንድ የመርከብ ወጥ ቤት ሱማሌ ነው አሉ ያስተማራቸው። ሳይጨርስላቸው መርከቡ ተነሣ። ሰውዬው መጨረሻውን አያውቁትም ነበር፣ እናቴ።"

አሰብ! እኔ የጂኦግራፊ መምህሯ አንድ ዓመት ሙሉ በምዕራብ በኩል ሱዳን ውስጥ ስንከራተት ዜማው በምሥራቅ በኩል በባሕር ገብቶ ኖሯል። ለራሴ ከመቶ ዜሮ ሰጠሁ።

ጥሩወርቅ ዑዱን ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችልኝ። "ውሰጂው" አለች፤ "ግን መጨረሻውን ካገኘሽው ታሰሚኛለሽ። ማይ።" ማልኩላት። እየማልኩ ፊቷን አየሁት፤ አሞሌ ጨው ይዛ መንገድ ላይ እንደቆመችበት ቀን ነበር፣ ዓይኗ ዑዱ ላይ ነው። ያን ቀንም ዓይኗ ያረፈው እኔ ላይ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። ገባኝ እንጂ ይቅር አላልኳትም፤ መግባትና ይቅር ማለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

ዘሩ ሁሉ ሊወጣ አልቻለም። የዑዱ አፍ በእንጨት ጥልፍ የተሸፈነ ነው፤ ጥሩወርቅ በተሰበረችው በአንዲት ጥግ በኩል እየጨመረች በዚያችው ትንሽ ትንሽ ታራግፋለች። እንዳለ በነጠላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ እግራቸውን አነሡና "እመቤቴ፣ ዕቃሽ ያፈሳል" አሉኝ።

"ዕቃ አይደለም አባቴ፣ ዑድ ነው። ሙዚቃ ነው።"

ከወለሉ ቆንጠር አድርገው አዩት። "ይኸማ ጎመን ነው።"

"ጎመን ውስጡ አለ።"

"የኛው ጎመን ነው የፈረንጅ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ምን እንደያዝሽ ሳታውቂ ነው ታቅፈሽ የምትሄጂው?"

መኪናው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ጎንበስ እያለ ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ በመሐረቡ ቋጠረ። በዚህ ክረምት ከአዲስ ቅዳም እስከ እንጅባራ ባለው ጓሮ ውስጥ የአቶ ሳልህ ጎመን ያልበቀለበት ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ የጅማት ነው። ገበያ ዳር መሰንቆ የሚሠራ ሰውዬ ዘንድ ወሰድኩት። ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ነቀነቀው፣ ዘሩ ሲንሻሻ ሰማና "ይኸስ ራሱን ችሎ ያዜማል" አለ። ጅማቱን ግን በፈረስ ጭራ ነው የምሠራው አለኝ። በስልኬ ስንቱን ዑድ አይቻለሁ፤ አንዱም የፈረስ ጭራ የለውም። ይኸንኑ ብነግረው "ከፈረስ ጭራ የሚበልጥ አለ?" ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እንጅባራ ውስጥ ቆሞ ከፈረስ የሚበልጥ ነገር አለ ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣና ይከራከር። እኔ አልቻልኩም።

ጎረቤቴ አቶ ይርዳው ለፈረስ በዓል የሚቀልቡት ግራጫ ፈረስ አላቸው። ጭራው መሬት ይጠርጋል። ብጠይቃቸው እንደማይሰጡኝ ስለማውቅ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ቀትር ላይ ወጣ ሲሉ መቀስ ይዤ ገባሁ። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይላሉ። እኔ ቂሙንም ሳሉንም ይዤ ነው የገባሁት፤ በዚያ ብርድ ማን የማይስል አለ? እየሳልኩ ቆረጥኩ። ለአንድ ጅማት አርባ ፀጉር ነው የተባልኩት። የዑዱ ጅማት አሥራ አንድ ነው። ማባዛቱን ያስታወስኩት ጭራው ካለቀ በኋላ ነው።

በበዓሉ ዕለት ሌላው ፈረስ ጭራውን እየነሰነሰ ሲያልፍ የአቶ ይርዳው ግራጫ እንደ በግ ሆኖ ወጣ። የሰዉን ሳቅ ተዉት። አቶ ይርዳው ይኸን ያደረገው የመሬት ክርክር ያለኝ አማቼ ነው ብለው ዱላ ይዘው ሊሄዱበት ተነሡ። ነገሩ ደም ሊያፋስስ መሆኑን ሳይ ሄጄ "እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ፤ "ሳልዎን የቤቴ ሰዎች ሰምተዋል። በአማቼ ያሳበብኩት እርስዎ ራስዎ እስኪነግሩኝ ነው። ለመሆኑ ይጮኻል?"

አይጮኽም ነበር። የፈረስ ጭራ ሲገዘግዙት እንጂ ሲነኩት አይዘፍንም። ፍስስ ይላል፣ ዘሩ ሽሽሽ ይላል፣ በቃ።

"የፈረሴ ጭራ ለከንቱ ሄደ በሉኛ!" አሉ አቶ ይርዳው። ከጭራው በላይ ያዘኑት በዚህ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ስልክ ነው። የምሥራቁን ፍለጋ ስጀምር ፊደል አጣሁ፤ ሱማሌዎቹ ዑዱን 'ከበን' ነው የሚሉት፣ በአማርኛ ብጽፈው አይመጣም። ለዘሃራ ደወልኩላት። በዓረብ ፊደል እየጻፈች ትልክልኝ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ በዓረብኛ፣ ዘሃራ እንደተረጎመችልኝ፣ ድሮ ጅማት ሲጠፋ በዓሣ ማጥመጃ ክር ነበር የምናስረው ይላል። ዘሃራ ሱቅ ዶቃ የሚሰካበት ናይለን ሞልቷል፤ ወፍራሙን ከቀጭኑ አድርጋ ላከችልኝ። አሰርኩት። ሲነካ ጮኸ። አቶ ይርዳው ከአጥራቸው ማዶ "አሁን ገና!" ሲሉ ሰማኋቸው።

የሱማሌዎቹን እጅ የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ቅኝቱ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ አመታቱ ግን ነገረኛ ነው። ዑዱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ በመልሱ አይስማማም፣ እንደገና ይጠይቃል። የአቶ ሳልህን ላባ በእጃቸው አየሁት። ደብተሩን ዘጋሁ፤ ለዘመድ ማርክ አይሰጥም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ዘሃራ አንድ ቪዲዮ ላከች። በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት ናት። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሻሽ አስራለች፣ ዑዱን እንደ ልጅ ልጇ ታቅፋዋለች። ማንም ጨው በእጁ ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ አይቆጣጠራትም። መታች። እንደሚጠይቅ ሰው ጀመረ፤ ተመለሰ፣ ዞረ፣ ወጣ። በጣቷ ሆዱን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገችው።

ኔትወርኩ ሄደ።

እንደገና ከፈትኩት፤ ኳ ኳ ላይ ቆመ። ሦስተኛም ከፈትኩት፤ ኳ ኳ። አቶ ሳልህ ከሞቱም በኋላ ገበያተኛ የሚልኩብኝ መሰለኝ። ጃንጥላዬን ይዤ ከቤቴ በላይ ያለውን ጉብታ ወጣሁ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጉልበቴ ነው። አናቱ ላይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ።

ኳ ኳ። ከዚያ አምስት ምት። አራቱ ይወርዳሉ፣ አምስተኛው ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመለስና ዝም ይላል። ይኸው ነው። ሃምሳ ዓመት የጠበቅሁት አምስት ምት ነው። አቶ ሳልህ እነዚህን አምስት ምቶች ሳይሰሙ ሞቱ፤ ባሌም ሳይሰማቸው ሞተ። ጉብታው ላይ ያለቀስኩ እንደሆነ ዝናብ ነበርና ማንም አይመሰክርብኝም።

ጣቴ እስኪላጥ አጠናሁት። ዳንግላ ወርጄ መጀመሪያ ለዘሃራ፣ አባቷ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀምጬ፣ እስከ መጨረሻው ደረደርኩላት። ሁለት ገበያተኛ ገብቶ ነበር፤ አልተነሣሁም። ዘሃራም አልተነሣችም።

ለጥሩወርቅ እንደማሰማት ምያለሁ። መቼ ብዬ አልማልኩም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳንግላ በሚኒባስ ትመጣለች። ወንበር አለኝ፤ ደፉ ላይ ነው የማስቀምጣት። እደረድርላታለሁ። ላይ ስደርስ ሆዱን ሁለቴ ኳ ኳ አደርገውና ሚስማሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። "መጨረሻውስ?" ትለኛለች። "መጨረሻው ቅዳሜ" እላታለሁ። ከዑዱ የተራገፈውን ዘር ጓሮዬ ዘርቼው በቅሏል። ስትሄድ አንድ እስር ጎመን አስይዛታለሁ።